ናይሎኑ ያልተነሳለት ወንበር

የመኪና ወንበር ሦስት ዓይነት ነው፤ ጨርቅ፣ ቆዳና ቆዳ መሳይ። ሌላም አለ የሚል ካለ ይበል። እኔ በሰበታም፣ በቡራዩም፣ አሁን ደግሞ በሱሉልታ ዕድሜዬን የጨረስኩት እነዚህን ሳጥብ ነው። ጨርቅ የጠጣውን አይተፋም። ቆዳ ቶሎ ይጸዳል፤ ሳሙና ከበዛበት ግን ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ ባለቤቱ የሚሰድበው ፀሐዩን ሳይሆን አጣቢውን ነው። ቆዳ መሳዩ መርካቶ የሚሰፋው ሽፋን ነው። ሲያዩት ጠብታ የሚያሳልፍ አይመስልም። በስፌቱ ቀዳዳ ግን ሁሉንም ያስገባል።

መኪና ሲመጣልኝ ከየት እንደመጣ በጠረኑ አውቃለሁ። ሰበታ ሳለሁ የማጥበው የከባድ መኪና ጋቢና ነበር። የጫት ገራባ ከወንበር ሥር በመጥረጊያ አይወጣም፣ በጣት እየለቀሙ ነው። ቡራዩ ሽንኩርትና ጭቃ ነበር። ሱሉልታ ወተት ነው። ወተት የፈሰሰበት መኪና ፀሐይ ሲያገኘው የሞተ ነገር የያዘ ነው የሚመስለው፤ በቀዝቃዛ ውሃና በኮምጣጤ ደጋግሞ ያላጠበው ሰው መኪናውን ቢሸጠው ይሻለዋል።

ደም ግን በሦስቱም ከተማ አለ። የበግ ደም፣ የአፍንጫ ደም፣ የአደጋ ደም። ከየት እንደመጣ አልጠይቅም። በቀዝቃዛ ውሃና በጨው አጥበዋለሁ። ሙቅ ውሃ ያፈሰሰበት ሰው ጨርቁ ውስጥ ጋግሮታል፤ ከዚያ ወዲያ እኔም አላስለቅቀውም።

ይህን የምጽፈው ግን ስለ አንድ ወንበር ነው።

ላቫጆዬ ከሱሉልታ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በርሜሎች፣ አንድ የሚያስነጥስ ፓምፕ። በክረምት አንድ ዓርብ ጠዋት ኮንትራት የሚሠራ አሮጌ አውቶሞቢል ገባ። ሹፌሩን አውቀዋለሁ፤ ደንበኛዬ ነው። መኪናው የራሱ አይደለም። ከዚያ በፊት ፉሪ በየሕንጻው ሲሚንቶ ሲሸከም ኖሮ ወገቡ ተበላሽቶ ነበር። የመኪናውን ቁልፍ ሲያገኝ እንደ ዳነ ሰው ነው የቆጠረው። ቤት ኪራዩም፣ ሚስትና ልጆቹም ያ ቁልፍ ላይ ነበሩ።

«አባባ፣ የኋላውን ወንበር ይዩልኝ» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ይዩት ብቻ።»

በሩን ከፈትኩት። ቆዳ መሳዩ ሽፋን ተጠርጓል፣ ያብረቀርቃል። መዳፌን ስፌቱ ላይ ጫን ሳደርገው እጄ ቀላ።

«ሙቅ ውሃ ማን ነው ያፈሰሰበት?»

«እኔ ነኝ። ሻይ ቤት ለምኜ።»

«ጋገርከዋ።»

«ታዲያ ምን ላርግ? ደንግጬ ነው።»

ጭቃ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነገረኝ። ጎሕ ሲቀድ ከጫንጮ ባዶውን ሲመለስ፣ ዝናቡ ውስጥ አንድ ሰውዬ መንገዱ መሀል እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከኋላው ጎረቤቶቹ ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ቆመዋል። ምጥ ይዟት ከገጠር ነው የመጡት። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው፣ አዲስ አበባ ውሰዷት ብሏል፤ አምቡላንሱ የለም። ከፊቱ የነበሩት መኪኖች መብራታቸውን ብልጭ እያደረጉ አልፈዋቸዋል።

«እኔም ላልፍ ነበር» አለኝ። «ማርያምን ላልፍ ነበር። እግሬ ፍሬን ረገጠ።»

«ከዚያስ?»

«ሆስፒታል በር ላይ አወረድናት። ዘበኛው መኪናህን አንሳ፣ አንሳ አለኝ። ሰውየው እንኳን ዞሮ አላየኝም። ተርፋ ይሆን አባባ?»

«እኔ መኪና አጣቢ ነኝ» አልኩት።

አሁን ስለ ባለመኪናው መናገር አለብኝ። ሱሉልታ የሚኖር፣ ሱቆች ያሉት፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው ነው። ቁልፉን ሲሰጥ ያለው ነገር አራት ነው፤ በግ አይጫንም፣ ወተት አይጫንም፣ ሬሳ አይጫንም፣ ምጥ የያዛት ሴት አትጫንም። ከዚህ ልጅ በፊት የነበረው ሹፌር ለዓመት በዓል አንድ ሙክት የኋላ ወንበር ላይ ጭኖ ራሱ ሄዶ ተናዘዘ። በዚያው ዕለት ቁልፉን አስረከበ።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሹፌሩ ባለመኪናውን ይዞት እኔ ጋ ይመጣል። እኔ ከውጭ ሳጥብ ሰውየው ውስጥ፣ የኋላው ወንበር ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ብርድ አይወድም። መኪናውን የሚመረምረውም ያኔ ነው።

ወንበሩን ነቅዬ አወጣሁት። የእነዚህ አሮጌ መኪኖች የኋላ ወንበር ጫፉን ወደ ላይ ገፋ ሲያደርጉት ይነሳል። ሽፋኑን ከሥሩ ፈትቼ ስገፈው፣ የፋብሪካው ናይሎን አለበት።

ይህንን አገሬው ሁሉ የሚያደርገው ነው። መኪና ሲገዛ ወንበሩ በናይሎን ታሽጎ ይመጣል፤ ናይሎኑ ከተነሳ መኪናው አረጀ ይላሉ። በጋ ላብ እያጠመቃቸው፣ ክረምት በረዶ ላይ እንደተቀመጡ እየተንቀጠቀጡ አያነሱትም። ይህ ሰውዬ ደግሞ ከናይሎኑ በላይ ሽፋን አሰፍቶበታል። ከሥር ባለው አመዳማ ጨርቅ ላይ ሰው ተቀምጦ አያውቅም። ለማን እንደሚጠበቅ እንጃ።

ናይሎኑ አርጅቶ መሀሉ ላይ ተቀዷል። ደሙ በስፌቱ ገብቶ፣ በቀዳዳው አልፎ ስፖንጁን ጠጥቶታል። የሹፌሩ ሙቅ ውሃም ተከትሎ ገብቷል።

«ናይሎኑን ቀድጄ ላውጣው» አልኩት።

«አይሆንም።»

«እንግዲያ አይደርቅም።»

«አባባ፣ እሁድ እሁድ ጣቱን በሽፋኑ ሥር ከቶ ይነካዋል። ኮሽ ሲል ካልሰማ አይወርድም። ናይሎኑ ከሌለ ለምን ተነሳ ሊለኝ ነው።»

«ለምን እንደተነሳ ንገረዋ።»

«ሙክት የጫነውም እኮ ነግሮታል።»

ሆኖም ንገረው አልኩት ደግሜ። እሱ ፎጣውን አቀበለኝ።

በቀዳዳው በኩል አጠብኩት። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨው፣ በፎጣ መጭመቅ። ውሃው ቀይ ወጣ፣ ቆይቶ ሮዝ መሰለ፣ ከዚያ የሻይ እጣቢ የመሰለ ነገር ብቻ ሆነ። ከዚህ በላይ ናይሎን ሳይነሳ ማንም አያወጣውም። ፀሐይ የለ፣ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ተደፍቷል። ጎኔ ያለው ዳቦ ቤት እንጨት ነው የሚያነደው፤ የምድጃው የጀርባ ግድግዳ ሁልጊዜ ትኩስ ነው። ወንበሩን ተሸክመን ወስደን እዚያ አስደገፍነው።

«እናንተ ሰዎች፣ እግር እግር የሚሸት ዳቦ ማን ይገዛኛል?» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

«ዳቦህ ድሮም ምን ምን እንደሚል አይታወቅም» አልኩት። ሳቀ፣ ቦታም ሰጠን። ሹፌሩ አልሳቀም።

ቅዳሜ ማምሻውን መጣ። ወንበሩን በጡጫዬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ሆዱ ቀዝቃዛ ነው።

«አልደረቀም።»

«ላዩ ደርቋል እኮ።»

«ላዩ ናይሎን ነው። ናይሎን መች ይርሳል? ስፖንጁ ውሃ እንደያዘ ነው። እዚሁ ይቆይ፣ ነገ መኪናው ተበላሸ በለው።»

«መኪናው ተበላሸ ካልኩት መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ ያኔ ወንበሩስ የት ሄደ ሲለኝ?»

ይህም እውነት ነው። ሽፋኑን አጥብቆ አለበሰው፣ ወንበሩን መለሰው፣ ላዩን ደጋግሞ በደረቅ ጨርቅ ወለወለው። ሲሄድ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ በዚያ ብርድ ሲነዳ አየሁት።

እሁድ መጡ። ባለመኪናው እንደ ወትሮው ኋላ ተቀምጧል። ጋቢው አዲስ ታጥቦ እንደ ጥጥ ነጥቷል። ለእኔም «እንዴት አደሩ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ማጠብ ጀመርኩ። በመስታወቱ ውስጥ ጣቱን በሽፋኑ ሥር ሲከት አየሁት። ናይሎኑን ነካው። ደስ ያለው ይመስላል፤ ተደላድሎ ወደ ኋላ ተደገፈ። ሰውነቱ ከባድ ነው። ሹፌሩ ከኮፈኑ አጠገብ ቆሞ እኔን ያየኛል። እኔ መስታወቱን እንደያዝኩ ነኝ። ያንን መኪና እንደዚያ ቀን አጥቤው አላውቅም፤ እንዳያልቅ የሚፈልጉት ሥራ ሲሆን እጅ ይዘገያል።

አጥቤ ስጨርስ ባለመኪናው ወረደ። ጀርባውን ሲያዞር ሁለታችንም አየነው። ጋቢው ከመቀመጫው በታች እንደ ወይን ጠጅ እጣቢ ቀልቷል። ሹፌሩ አንድ እርምጃ ከኋላው ተጠጋ፤ ምን ሊያደርግ እንደነበር አላውቅም፣ በእጁም የያዘው ነገር የለም።

ወተት በጀሪካን የተሸከመች ሴት በመንገዱ ታልፍ ነበር። ቆም አለች።

«ኦቦ፣ ዲጋ» አለች። ቀጥላ ደግሞ በአማርኛ፣ «ጋሼ፣ ጋቢዎ ላይ ደም ነው እኮ።»

ሰውየው መጀመሪያ የራሱ መሰለው። ፊቱ አመድ ሆነ። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ዳሰሰ፣ ጣቱን አየ፣ አፉን ከፈተ። ሐኪም ልጠራ እንዴ እስክል ድረስ ነው የፈራው። ከዚያ ወንበሩን አየ። ሽፋኑን በመዳፉ ተጫነው፤ በስፌቱ ቀዳዳዎች ሁሉ ሮዝ ውሃ ነጠብ ነጠብ እያለ ወጣ።

«የምን ደም ነው?»

ሹፌሩ ነገረው። ሁሉንም ነገረው፣ ቃሬዛውን፣ ዝናቡን፣ ዘበኛውን። ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰማው። ጋቢውን አውልቆ አጣጠፈው፣ ደሙን ወደ ውስጥ አድርጎ።

«ብትነግረኝ ኖሮ ምንም አልልህም ነበር» አለ። «አንተ ግን ቅዳሴ ቆሜ በመጣሁበት ልብስ ደም ላይ አስቀመጥከኝ። እያወቅክ።»

እጁን ዘረጋ። ሹፌሩ ቁልፉን ሰጠው። ብትነግረኝ ኖሮ የሚለውን ነገር ሰው ሁልጊዜ ካለፈ በኋላ ነው የሚለው፤ እኔ ባለሙክቱን አስታውሼው ነበር፣ ግን አፌን አልከፈትኩም፣ ቢከፈትም ቁልፉ አይመለስም።

መኪናው ሌላ ሹፌር አገኘ። እኔም ማጠቤን ቀጠልኩ። ወንበሩ በዝናቡ ወራት መሽተት ጀመረ፤ አዲሱ ሹፌር ሽቶ እየነፋበት ይሠራል። ባለመኪናው ከዚያ ወዲያ ከፊት ነው የሚቀመጠው። ናይሎኑን ግን ማንም አልነካውም።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ሰው በእግሩ መጣ። አሮጌ ካፖርት፣ ጥቁር የተጠመጠመበት አንገት፣ ያልተላጨ ፊት። «አካም ጅርቱ ኦቦ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ፣ መለስኩለት። መኪናው እዚያው ቆሞ ነበር። የኋላ መስታወቱ ላይ የተለጠፈችውን የማርያም ሥዕል በጣቱ አሳየኝ።

«ይህን ሥዕል ስፈልግ ነው የከረምኩት። መንገድ ዳር እየተቀመጥኩ ስንት መኪና አየሁ። ሹፌሩ የት ነው?» አዲሱን ሹፌር አየውና፣ «ይህ አይደለም» አለ።

ያኔ ማን እንደሆነ ገባኝ።

«ያኛው ከሥራ ወጥቷል።»

«ለምን?»

«በሚስትህ ደም።»

እንዲህ ነው የምናገረው እኔ፣ ሌላ አናገር አላውቅም። ሰውየው ያረጀ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። እዚያው ተቀምጦ ነገረኝ። ሴትዮዋ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ውስጥ ሞታለች። ልጁ ወንድ ነው፣ ተርፏል። የሰውየው እናት ናቸው ሕፃኑን የያዙለት፣ የላም ወተት ይጠጣል። ሊጠመቅ ነው፤ አርባው ሳይደርስ ያንን ሹፌር አግኝቶ የክርስትና አባት ሁንልኝ ሊለው ነው የመጣው።

«ሁሉም ሲያልፈን እሱ ነው የቆመው። ሌላ ማን ያንሳልኝ?»

የቀድሞው ሹፌር ስልክ ላይ ደወልን። ዝግ ነው። ቤቱንም ለቆ ወደ ፉሪ ተመልሷል ነው የሚባለው። ሰውየው ተነሣ።

«ባለ ንብረቱ ጋ ይውሰዱኝ።»

ወሰድኩት። ባለመኪናው በረንዳው ላይ ነበር። የሰውየውን ጥቁር ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ ወሬውን ሲሰማ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ዋቅኒ ሲ ሀ ጀጀቤሱ» አለው። ያጽናህ ማለቱ ነው። ከልቡ ነበር።

«ጌታዬ» አለ ሰውየው፣ «ያንን ሹፌር ወደ ሥራው ይመልሱት። የሠራው ጥፋት የእኔ ነው። እኔ ነኝ መንገዱን የዘጋሁበት።»

ባለመኪናው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥቻለሁ። እሱም ልጆች አሉት። የማንን ነጥቄ ለማን ልስጥ?»

ይህንን ደግሞ ማን ይመልሳል? ሰውየው ሌላ ነገር ጠየቀ።

«እንግዲያ ስፖንጁን ይስጡኝ።»

«የቱን ስፖንጅ?»

«ደሟ ያለበትን። እንግዴ ልጁን ሆስፒታል ጣሉት፣ አልሰጡንም። ይህ በሰው መኪና እንዲቀር አልፈልግም። ሰው ይቀመጥበታል። ወስጄ አጠገቧ ልቅበረው።»

ባለመኪናው እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ሁለታችንም ስለ ናይሎኑ እንደምናስብ አውቃለሁ።

«ናይሎኑን ያንሱት» አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ሁሉንም ያንሱት።»

ላቫጆው ውስጥ ወንበሩን አወጣሁት። ሽፋኑን ገፈፍኩ። ናይሎኑን በቢላ ሰነጠቅሁት፤ ከስንት ዘመን በኋላ ጨርቁ አየር አገኘ። ስፖንጁ መሀሉ ላይ የትራስ ያህል ጠቁሯል። በመጋዝ ቢላ ዙሪያውን ቆረጥኩት። ሰውየው በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ሽታው ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን የሚያስዞር ነበር። እሱ ካፖርቱን አውልቆ ጠቀለለው፣ በብርዱ በሸሚዝ ብቻ ቀረ። አዲሱ ሹፌር ቀደም ሲል ተሳፋሪ አለኝ እያለ ሲነጫነጭ ነበር፤ ያኔ ግን ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ።

«ሹፌሩን ካገኙት» አለኝ ሰውየው፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስምና ቀኑን ነገረኝ። «ባይመችም ይምጣ ይበሉት።»

ወደ ጫንጮ የሚሄድ መኪና አሳፈርኩት። ጥቅሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ወደ ፉሪ ለሚሄድ ባለታክሲ ሁሉ መልእክቱን ነገርኩ። አንዳንዱ እሺ ይላል፣ ይረሳል። እኔ ራሴ እንዳልሄድ ሁለቱም ጉልበቶቼ ክረምት ክረምት አይታዘዙልኝም፤ ሰውም ፉሪ ውስጥ ሲሚንቶ ተሸካሚ ብሎ ቢጠይቅ ስንት ነው ያለው።

የድሮው ሹፌር መጣ። የመጣው ግን ጳጉሜን ሊገባ ሲል ነው። ወገቡን ይዞ ነው የሚራመደው። ቅንድቡ ላይ ሲሚንቶ አለ።

«ፈልገውኛል ተባልኩ፣ አባባ።»

ነገርኩት። ሴትዮዋ መሞቷን ስነግረው ቀና አላለም። ሕፃኑ መትረፉን ስነግረው ቀና አለ። ሰውየው ለምን እንደመጣ ስነግረው ደግሞ ቆሞ ቀረ።

«የክርስትና አባት? እኔን?»

«አንተን።»

«መቼ ነው አርባው?»

«አለፈ። ባለፈው ሳምንት።»

ጎማው ላይ ቁጭ አለ፣ ሰውየው የተቀመጠበት ላይ። እጁን እያየ ቆየ። የሲሚንቶ እጅ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ በየስንጥቁ ነጭ ነው።

«ማን አነሳው ታዲያ?»

«አላውቅም። ሳያነሱት አይቀሩም። ልጅ ሳይጠመቅ አይከርምም።»

«ስሙንስ ማን አሉት?»

«አልጠየቅሁም» አልኩት። በእርግጥም አልጠየቅሁም ነበር።

«እንዴት አይጠይቁም፣ አባባ?»

እዚያው እያለን መኪናው ሊታጠብ መጣ። አዲሱ ሹፌር አወቀው፣ ወርዶ ጨበጠው፣ ለሁለቱም የሚያሳፍር ሰላምታ ነበር። የድሮው ሹፌር የኋላውን በር ከፈተ። አዲስ ስፖንጅ አስገብቼ ሽፋኑን ሳልመልሰው ትቼዋለሁ፤ ባለመኪናው ይተዉት ብሎኛል። አመዳማው ጨርቅ ብቻ ነው ያለው። እጁን አኖረበት፣ ወዲያው ደግሞ አነሳው። የሲሚንቶው አሻራ አምስቱም ጣት ጨርቁ ላይ ቀርቷል።

«ይቅርታ» አለ፣ ለማን እንደሆነ አልገባኝም።

«የጫንጮ ታክሲ ከዚያ ማዶ ነው የሚቆመው» አልኩት። «ሕፃኑ እንደሆነ የትም አልሄደም።»

«እንዲህ ሆኜ?» አለኝ ልብሱን እያሳየኝ። «ታጥቤ እሄዳለሁ።»

መንገዱን ተሻገረ። የጫንጮውን ታክሲ አለፈና ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ሄዶ ይሁን አይሁን የነገረኝ የለም። እኔም ብሩሼን አነሣሁ። ደረቅ ሲሚንቶ በውሃ አይነካም፣ ይጠነክራል፤ በደረቅ ብሩሽ ነው የሚራገፈው። አሻራውን አራግፌ ጨረስኩት።